የታላቄ አገጭ

ጥቅምት 4

ለልብስ ሰፊዋ፣

ደብዳቤሽ በሦስት ሳምንቱ ደረሰኝ። ፖስታ ቤቱ ጥፋት የለበትም፤ የላክሽው ወደ ድሮው ሥራ ቤት ነው፣ እዚያ ደግሞ አሁን የመኪና ጎማ ይሸጥበታል። ጎማ ሻጩ ደግ ሰው ሆኖ አድራሻዬን አፈላልጎ ላከልኝ። ሥራ ካቆምኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ከከተማችሁ ርቄ ከልጄ ጋር ነው የምኖረው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ጉልበቴ ደረጃውን ይራገማል እንጂ ደኅና ነኝ። አንቺ እንዴት ሰነበትሽ? እናትሽስ?

«ያስታውሱኛል ወይ?» ላልሽው፣ ሰው በስም አላስታውስም፤ በአገጭ ግን አልስትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አገጭ፣ ጉንጭና መንጋጋ ስቀርጽ ነው የኖርኩት። ሐኪሞቹ «ጋሼ አገጭ» ይሉኝ የነበረው በከንቱ አይደለም። ያንቺ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ነው። የመኪና አደጋ ነበር፤ አገጭሽና የግራ መንጋጋሽ ደቅቆ፣ አጥንቱ በብረት ተይዞ ከዳነ በኋላ ፊትሽ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ቅርጹን የሚመልስ ነገር ከቆዳሽ ሥር እንዲገባ ታዘዘ። ሦስት ቁራጭ ነበር፣ አንዱ ለአገጩ፣ ሁለቱ ለመንጋጋው። በእጄ ነው የቀረጽኩት።

አሁን በጥርስ ሕመም ሰበብ መግል ይዞ፣ ከአገጭሽ ሥር ቀዳዳ ከፍቶ፣ ነጩ ነገር ብቅ ማለቱን ሳነብ አዘንኩ። ዶክተሯ የገባው ዕቃ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቢላ አላነሣም ማለቷ ጠንቃቃ ሐኪም መሆኗን ያሳያል። ያኔ ያከመሽ ሐኪም ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር። መዝገቡም ከክሊኒኩ ጋር አብሮ ጠፍቷል። በራጅ እንዳይፈለግ ራጅ አያሳየውም። ስለዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ሲሊኮን ይሁን ሌላ ለማረጋገጥ የሥራ ደብተሬን ማየት አለብኝ፤ አልጋ ሥር በካርቶን ታሽጓል። ትንሽ ቀን ስጪኝ። እስከዚያ የታዘዘልሽን መድኃኒት ሳታጓድዪ ዋጪ፣ ቁስሉንም መስተዋት ፊት ቆመሽ አትነካኪው። ልብስ ሰፊ ነሽና መስተዋት እንደማይጠፋሽ አውቃለሁ።

ጋሼ አገጭ

ጥቅምት 22

ለጋሼ፣

በአክብሮት ሰላም እላለሁ። መልስዎን ሳነብ ግማሽ ሸክሜ ቀለለኝ። ስለ እናቴ ጠይቀዋል፤ አለች፣ አብረን ነው የምንኖረው። ጆሮዋም እግሯም ደኅና ነው፤ የከዳት ማስታወሷ ነው። የቤት ቁልፍ ስኳር ውስጥ ትደብቃለች። ምሳዋን በልታ ስታበቃ ምሳ ትጠይቃለች። ያን እንኳ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ የምትጠራኝ በታላቅ እህቴ ስም መሆኑን ነው።

ታላቄን አያውቋትም። አደጋው ላይ አብራኝ ነበረች፤ እኔ ተረፍኩ፣ እሷ እዚያው ቀረች። በሁለት ዓመት ነበር የምትበልጠኝ። እናቴ አሁን ልጄ ተመለሰችልኝ ብላ ነው የምትኖረው። ሻይ ሳቀርብላት እጄን ትይዝና «ዛሬስ አትሄጂም አይደል?» ትለኛለች። አልሄድም እላታለሁ። ምን ልበላት?

መጀመሪያ የበሽታዋ ነው ብዬ ተውኩት። በኋላ ዶክተሯ «ከአደጋው በፊት የተነሣሽውን ፎቶ አምጪ» ስትለኝ የፎቶ ሳጥናችንን አወረድኩ። የኔ ፎቶ ሲፈለግ አይገኝም፤ ካሜራ ባየሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣና አፌን በእጄ እሸፍን ነበር። የታላቄ ግን ሞልቷል። አንዱን መስተዋቴ ጥግ ላይ ሰክቼ ስፌቴን ቀጠልኩ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልትለካ ገብታ ፎቶውን አየችና «በወጣትነትሽ ታምሪ ነበር» አለችኝ።

ጋሼ፣ ያን ጊዜ ሜትሬን አወጣሁ። የሥራዬ ነገር ሆኖ ዓይኔን አላምንም፣ ልክ ነው የማምነው። ከከንፈሯ እስከ አገጯ ጫፍ፣ ከአገጯ እስከ ጆሮዋ ሥር ለካሁና በሁለቱ ዓይኖቿ መሀል ካለው ጋር አመዛዘንኩት። ከዚያ የራሴን ፊት እንደዚያው ለካሁ። ገጠመ። የኔ አገጭ ትንሽና ሹል ነበር፤ ታላቄ በልጅነታችን «ማንኪያ» እያለች ታበሽቀኝ ነበር። አሁን ፊቴ ላይ ያለው ሰፊና ቀጥ ያለ ነው። ሰው ሁሉ «እህትሽን መሰልሽ» ሲለኝ፣ ኀዘን ያመጣው መስሎኝ አሥራ አራት ዓመት ኖርኩ።

የቀረጹት ከየትኛው ፎቶ ነው? ፎቶውንስ የሰጠዎት ማን ነው?

ኅዳር 11

ለልብስ ሰፊዋ፣

ስለ መዘግየቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ብርዱ ወገቤን ይዞኝ ነበር።

ደብተሩ ተገኝቷል፤ ላንቺ የገባው ሲሊኮን አይደለም። ለዶክተሯ እንድታነቢላት በግልጽ ልጻፈው። ሲሊኮን ለስላሳ ነው። ሰውነት አይዋሐደውም፤ በስስ ከረጢት ጠቅልሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል፣ ሲወጣም እንደ ባቄላ ከገለፈቱ ሾልኮ ይወጣል። ያንቺው ግን ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላበት ነጭ ፕላስቲክ ነው። በየቀዳዳው ሥጋና ደም ሥር እየገባ ያድግበታል። መንጋጋሽ የተሰባበረ ስለነበር፣ ዕቃው ከቦታው እንዳይንሸራተት ብሎ ነው ሐኪሙ እሱን የመረጠው። አሥራ አራት ዓመት ሥጋሽ ሲገባበት ኖሯል። በአንድ ጊዜ ልሳበው ካለች አብሮት የሚመጣው ብዙ ነው። ከዳር ጀምራ እየቆራረጠች ታውጣው። የመንጋጋው ቁራጮች በሁለት በሁለት ብሎን ተይዘዋል። ለታችኛው ከንፈር ስሜት የሚሰጡት ነርቮች በአገጩ ቁራጭ ግራና ቀኝ ስለሚያልፉ፣ እዚያ ላይ ኩርባ ትቼላቸዋለሁ፤ በጣቷ ብትዳስስ ታገኘዋለች።

ልጄ «አባባ፣ ሰው ላይ አታፍጥ» እያለች ትቆጣኛለች። ከጡረታ ወዲህ ክፉ ልማድ ይዞኛል። ባለፈው አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰውዬ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፤ መንጋጋው የኔ ሥራ ነው። ከዚያ ከተማ እዚህ ድረስ ምን እንዳመጣው እንጃ። ቀኝ ጠርዙን ትንሽ አብዝቼበት ነበር፣ ሐኪሙ ይበቃል ብሎ ነው ያስገባው። ማስቲካ ሲያላምጥ ያቺ ጠርዝ ከፍ ዝቅ ትላለች። እሷን ሳይ አራት ፌርማታ አልፎኝ በእግሬ ተመለስኩ። እሱ አያውቀኝም፣ እኔ ግን አጥንቱ ላይ ያለውን ሁሉ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ ሁለት ሦስት ቀን እህል አይወርድልኝም።

ስለ ፎቶው ጊዜው ርቋል። በእጄ ያለፈው ፊት ብዙ ነው። እንደ ደንቡ ቤተሰብ ያመጣውን ነው የምንሠራው።

ጋሼ አገጭ

ኅዳር 29

ለጋሼ፣

ዶክተሯ ስለ ብሎኖቹና ስለ ነርቮቹ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። አመስግኚልኝ ብላለች፤ አመሰግናለሁ።

ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ የብሎኑን ብዛትና የነርቩን መንገድ ነግረውኛል። አውቶቡስ ውስጥ ያዩትን ሰውዬ ቀኝ ጠርዝ እንኳ አልዘነጉም። የረሱት የኔን ፎቶ ብቻ ነው። ሞኝ ብመስል እንኳ እንዲህ አያሞኙኝ። «ቤተሰብ» ያሉት እናቴን ነው፤ ያኔ ከእናቴ ሌላ ቤተሰብ አልነበረኝም።

እሷን መጠየቅ አልችልም። ብጠይቃት የምትመልሰው ለታላቄ ነው። የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ዝም ካሉ ሳላውቅ እቀራለሁ።

ታኅሣሥ 15

ልጄ፣

እንዲህ ብዬ የመጥራት መብት እንደሌለኝ አውቃለሁ። ደብዳቤሽን ይዤ ብዙ ቀን ተቀመጥኩ። ያልሽው እውነት ነው፣ ዋሽቼሻለሁ፤ ውሸቴም የፈሪ ነበር።

እናትሽ ሦስት ጊዜ መጣች። በመጀመሪያው ቀን ፎቶውን ሰጥታኝ ሄደች። ፊት ለፊት የተነሣ፣ ብርሃኑ ያማረ ፎቶ ነው፤ ለኛ ሥራ እንደሱ ያለ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ካንቺ ፊት ላይ የተወሰደው የጄሶ ቅጂ ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ሁለቱን ሳስተያይ አልገጠሙልኝም። በደኅናው በቀኝ ወገን የቀረው አጥንትሽ ጠባብ ነው፣ የፎቶው ግን ሰፊ ነው። ከዚያ የጥርስ አቀማመጥ በታች ያ አገጭ ሊመጣ አይችልም። እኔን በሚያክል አሮጌ ቀራጭ ዓይን ይህ አያመልጥም። እናትሽን አስጠራኋትና «እትዬ፣ ይቺ ልጅ ያቺ አይደለችም» አልኳት።

አልካደችም። በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ። «ትልቋን ስቀብር ፊቷን አላሳዩኝም። አይታይም አሉኝ። ማንን እንደቀበርኩ አላውቅም። አንድ ጊዜ ልያት።» ትንሿስ አልኳት። «ትንሿማ አለችልኝ» አለችኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ለሐኪሙ መንገር ነበረብኝ። አዘንኩላት ብል አልዋሸሁም፣ ግን ያ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ የምሠራበት ያንቺ ፎቶ አልነበረኝም። ሳስጠራት ያመጣችልኝ ሁለት ፎቶዎችሽ አፍሽን የሸፈንሽባቸው ናቸው። ከነሱ መሥራት በግምት መቁረጥ ነበር፤ የእህትሽ ግን ልክ ነበረው። የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው ልክ ያለውን እንደሚወድ ላንቺ አላስረዳሽም። ቀኙ ከግራው እንዲመጣጠን የአገጩን ቁራጭ በሁለቱም በኩል አስረዝሜ አወጣሁት። ሐኪሙ አይቶ «እጅህ ይባረክ» አለኝ፤ እኔም ምርቃቱን ተቀበልኩ።

በሦስተኛው ቀን እናትሽ መጥታ ጄሶው ላይ በሰም የሠራሁትን አየችው። በአውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። አላለቀሰችም፤ አመስግናኝ ወጣች።

እህትሽን በሕይወቷ አይቻት አላውቅም። ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ይልቅ ግን አገጯን አውቀዋለሁ። መንገድ ላይ ስንት ጊዜ መሰለችኝ። ይቅር በይኝ ለማለት ዘግይቻለሁ፤ ቢሆንም ይቅር በይኝ።

ጥር 3

ለጋሼ፣

እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ተቀይሜዎታለሁም። ምስጋናውም ቅያሜውም አንድ ላይ ተቀምጠዋል፣ እስካሁን አልተጣሉም።

እናቴን አሁን በሌላ ዓይን ነው የማያት። ስታናግረኝ ዓይኔን ሳይሆን አገጬን እንደምታይ ያስተዋልኩት ዛሬ ነው። አሥራ አራት ዓመት ልትሰናበተኝ ስትል አገጬን በእጇ ይዛ ነው ጉንጬን የምትስመው። ለኔ መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ መሳም ለማን እንደነበር እያሰብኩ ትናንት አንድ ኮት ሁለት ጊዜ ገልብጬ ሰፋሁ።

ያልነገርኩዎት አለ። መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ታላቄ «ደክሞሻል፣ አምጪ ልንዳ» ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት፣ ግትር ነኝ። ዝናብ ነበር፣ የጭነት መኪና ነበር። ፖሊስ ጠይቆኛል፣ ጎረቤት ጠይቆኛል። እናቴ ግን እንዴት ሆነ ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። ዝምታዋን ምሕረት አድርጌ ቆጥሬው ነበር። የእርስዎን ደብዳቤ ካነበብኩ ወዲህ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ከሁለታችን አንዳችን መትረፍ ካለብን፣ እንድትተርፍላት የፈለገችው እኔን አልነበረም።

ዶክተሯ መውጣቱ የግድ ነው ትላለች። በመድኃኒት ጥቂት ወራት ማቆየት ይቻላል፤ መግሉ አጥንት ውስጥ ከገባ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ከወጣ በኋላ ስድስት ወር ባዶውን ይከርማል፣ ከዚያ ከፈለግሁ በኮምፒውተር ተለክቶ አዲስ ይሠራል። «ያንኑ ቅርጽ ነው ወይስ ሌላ?» ትለኛለች። ሌላ ሲባል የማን? የኔን የሚያውቅ የለም።

ካወጣሁት እናቴ ልጇን እንደገና ታጣለች፤ በቦታዋ ፊቷ የጎደጎደ የማታውቃት ሴት ቤቷ ውስጥ ታገኛለች። በዚህ ዕድሜዋ ሁለተኛ ልቅበርባት? ባላወጣውስ ማን ሆኜ ልኑር? እርስዎን የምጠይቀው ሌላ የምጠይቀው ሰው ስለሌለኝ ነው።

ጥር 25

ልጄ፣

ከደብዳቤሽ በኋላ «የፊቴ ጄሶ አለዎት ወይ?» ያልሽባት ባለ አንድ መስመር ካርድሽም ደረሰችኝ። መልሱ «የለኝም» ነው። ካንቺ ፊት የተወሰደው ጄሶ ሥራ ቤቱ ሲዘጋ ከሌሎቹ ጋር ተሰባብሮ ተጥሏል። ቢገኝም አይረባሽም፣ የተወሰደው ከአደጋው በኋላ ነው። የድሮው አገጭሽ እዚያም አልነበረም። ገምቼም ቢሆን ልቀርጽልሽ በወደድኩ፤ እጄ ግን ዛሬ የሻይ ብርጭቆ እንኳ በወጉ አይዝም።

ላውጣው ወይስ ላቆየው ላልሽው፣ ስለ ዕቃው ብቻ ልናገር፤ ከዚያ አልፌ የሰው ቤት ስገባ ምን እንዳደረግሁ አይተሻል። መግል የያዘ ዕቃ አይድንም። መድኃኒቱ ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያድነውም። ሥጋሽ ስላደገበት አካልሽ ይመስልሻል፣ አይደለም፤ ደምሽ ነው እየቀለበ ያኖረው። አጥንትሽ ከተበላ ደግሞ ወደ ፊት የማንንም አገጭ የሚሸከምልሽ አይኖርም። አውጪው።

አንድ ነገር ልጨምር። እናትሽ «ትንሿማ አለችልኝ» ስትል ፊቷን ያየሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አላየሽውም። ምን እንደነበረበት ልነግርሽ ብዙ ጽፌ ቀደድኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ፊት ሳነብ ኖሬ ያን ማንበብ አልቻልኩም። አንቺም ካላየሽው ፊት ተነሥተሽ አትፍረጂባት።

መጋቢት 7

ለጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ ከደረጃው ጋር ታረቀ?

ወጣ። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ብሎኖቹ እርስዎ ባሉት ቦታ ነበሩ፣ የከንፈሬም ስሜት አልጠፋም። ዶክተሯ በትንሽ ሳህን አድርጋ «ልታዪው ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። አየሁት። ሥጋ የነከሰ ስብርባሪ ነው፣ ማንንም አይመስልም። አሁን አገጬ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ግራው ጎድጉዷል፣ ስናገር ከንፈሬ ይጎተታል። ደንበኞቼ ከኔ ይልቅ ጨርቁን እያዩ ነው የሚያወሩኝ።

ሆስፒታል በቆየሁበት አራት ቀን እናቴን ጎረቤታችን ይዛልኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ጠዋት በፋሻ ተጠቅልዬ ገባሁ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። «ማነሽ?» ትለኛለች ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ቀና ብላ ብዙ አየችኝ። ከዚያ በስሜ ጠራችኝ። በኔ ስም፣ ጋሼ። ከአደጋው በኋላ ቤት የገባሁትም እንዲሁ በፋሻ ነበርና፣ ለእሷ ያ ቀን ሆኖባት ይመስለኛል።

ደስ ለማለት ጊዜ አላገኘሁም። ዓይኗ ከኋላዬ ወደ በሩ ሄደ። «እህትሽን የት ጥለሻት መጣሽ?» አለችኝ።

አሥራ አራት ዓመት የፈራሁት ጥያቄ ነው። ትመጣለች ብላት ታምነኝ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና «እማ፣ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ልንዳ ብላኝ ነበር፣ እምቢ አልኳት። ሞታለች» አልኳት። ዝናቡን ነገርኳት፣ የጭነት መኪናውን ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ከዚያ አለቀሰች። ሲቀብሯት እንዴት እንዳለቀሰች አላየሁም፣ ያኔ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ከታላቄ ሞት ወዲህ አብረን ስናለቅስ ይህ የመጀመሪያችን ነው።

ሲበቃት ዓይኗን በመሐረብ ጠረገችና ፋሻዬን በጣቷ ጫፍ ነካች። «አንቺስ?» አለችኝ። «አንቺስ በጣም ተጎዳሽ?»

አዎ አልኳት። ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር። አዎ እማ፣ በጣም ተጎዳሁ። ወደ ጭኗ ሳበችኝና ፀጉሬን ስትደባብስ ረፈደ።

በማግሥቱ ሁሉንም ረስታዋለች። ፊቴን አየች፣ በስሜ ጠራችኝ፣ እህቴን የት እንደጣልኳት ጠየቀችኝ። እንደገና ነገርኳት፣ እንደገና አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ነው። ጎረቤታችን «ምናለ ብትዋሻት፣ አሮጊት እንዴት በየቀኑ ታስለቅሻለሽ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ዶክተሯም ለስድስት ወሩ እንዲደርስ ከአሁኑ አዲሱን እንድንለካ ቀጠሮ ሰጥታኝ ነበር፤ አልሄድኩም። እናቴ ያኔ እርስዎ ዘንድ መጥታ አንድ ጊዜ ልያት ስትል ምን እንደነበረባት አሁን ይገባኛል። እኔን ግን አንድ ጊዜ አልበቃኝም። ለቅሶው ካለቀ በኋላ የምትጠይቀኝ ጥያቄ አለ፣ እሱን መተው አቃተኝ።

ፋሻው ከተነሣ ሳምንት ሆኖታል። ዛሬ ጠዋትም አልቅሳ ስታበቃ እጇን ጠባሳዬ ላይ አድርጋ «አንቺስ?» ብላ ጠየቀችኝ።